ዕቃው ሲጎዳ ማን ይጠየቃል?

ንጋት ላይ በቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ መንገዱ የተሳቢ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥተው አፋርን ያቋረጡ፣ አዋሽንና ሞጆን ያለፉ ከባድ መኪኖች ዳር ዳሩን ይዘው ይደረደራሉ። ረዳቶች ከጎማ ሥር ድንጋይ ያስደግፋሉ፤ ሾፌሮች ሻይ ፍለጋ ይወርዳሉ፤ ትራንዚተሮች ዲክላራሲዮናቸውን በክላሰር አቅፈው ተራ ይጠብቃሉ። ከአገሪቱ የውጭ ንግድ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ፣ አዲስ አበባ የምትነዳው፣ የምትለብሰው፣ ግድግዳዋ ላይ የምትሰካው ነገር አብዛኛው ከተማዋ ውስጥ የሚዘልቀው በዚህ በደቡቡ በር ነው።

በዚህ ቦታና በዚህ ሰዓት ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ዕቃ ባለቤቱ ይታወቃል። ዲክላራሲዮኑ ላይ የአስመጪው ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ ዕቃው የተሠራበት አገር፣ ብዛቱና ዋጋው ሰፍሯል። ኤልሲ የከፈተለት ባንክም ያውቀዋል። ከበሩ ወጥቶ መጋዘን ሲገባ፣ ከመጋዘን ወደ ጅምላ አከፋፋይ፣ ከዚያ መርካቶ፣ ከመርካቶ ተመልሶ ሳሪስ ወይም አቃቂ ገበያ ቸርቻሪ ዘንድ ሲደርስ ስሙ እየደበዘዘ ይሄዳል። አቃቂ ውስጥ አንድ ቤት ሶኬት ላይ የተሰካ የስልክ ቻርጀር ላዩ ላይ የሚነበበው የማይታወቅ ፋብሪካ ምልክትና የተሠራበት አገር ስም ብቻ ነው። ያስመጣው ሰው ማንነት ቃሊቲ ቀርቷል።

ቻርጀሩ በደህና እስከሠራ ድረስ ስሙን የሚፈልግ የለም። ሌሊት ጋይቶ ፍራሽ ካቃጠለ፣ ፍራሹ ላይ ሕፃን ተኝታ ከነበረ ግን ጥያቄው ይነሣል። እናትየው ማንን ትክሰስ? የሸጠላትን ልጅ? ጅምላ አከፋፋዩን? የት እንዳለ የማታውቀውን ፋብሪካ? ወይስ ያንን ዲክላራሲዮን ላይ ስሙ የሰፈረውን ሰው?

የመጀመሪያው መልስ ያለው በ1952 ዓ.ም. በወጣውና ከ1953 መስከረም ጀምሮ በሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። አንቀጽ 2085 እንደሚለው፣ ዕቃ እየሠራ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ተጎጂው አምራቹ ማጥፋቱን ማስረዳት አይጠበቅበትም። ገዢ መሆንም የለበትም፤ ሕጉ የሚለው «ሌላ ሰው» ነውና ፍራሹ ላይ የተኛችው ሕፃን ራሷ ትገባበታለች።

ይህ ለዘመኑ ደፋር ድንጋጌ ነበር። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአሜሪካን የምርት ኃላፊነት ሕግ የለወጠውንና ያለ ጥፋት ኃላፊነትን ያጸናውን የግሪንማን መዝገብ የወሰነው በፈረንጆች 1963፣ ማለትም የእኛ ሕግ ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። አውሮፓ የጋራ መመሪያዋን ያወጣችው በ1985 ሲሆን፣ የሬኔ ዳቪድ አገር ፈረንሳይም ያንን መመሪያ ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጓ ያስገባችው በ1998 ነው። በዚህ ጉዳይ ኢትዮጵያ ቀድማ ተነሥታ ነበር ማለት ይቻላል። ያኔ የጀመረችውን አለመጨረሷ ነው ነገሩን ያበላሸው።

አንቀጹ ሲጻፍ ፋብሪካን እያሰበ ነበር። አቃቂን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የጨርቃ ጨርቁ፣ የመለዋወጫው፣ የብረታ ብረቱ ፋብሪካ የተተከለበት፣ የፈረቃ ሠራተኛ በማለዳ የሚጎርፍበት ሰፈር ነው። የአቃቂ ፋብሪካ የሠራው ዕቃ የአቃቂን ሰው ቢጎዳ ከሳሽ በእግሩ ሄዶ የፋብሪካውን በር ማንኳኳት ይችላል። ነገር ግን ዛሬ በየቤቱ ያለው ኤሌክትሪክ ነክ ዕቃ፣ መድኃኒት፣ መኪናና መለዋወጫ አብዛኛው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። አንቀጹ «እየሠራ የሚያቀርብ» ሲል ሁለቱን ነገር አጣምሮ ነው የጠየቀው። አስመጪው አቅራቢ ነው፣ ሠሪ አይደለም። ስለዚህ ቃል በቃል ለሚያነብ ዳኛ አስመጪው ከ2085 ውጭ ይቀራል፤ እናትየው ያላት የመክሰስ መብት ጓንጁ ወይም ኒንግቦ ባለ ፋብሪካ ላይ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አውሮፓውያኑ ይህንን ቀዳዳ በ1985ቱ መመሪያ ደፍነውታል። ዕቃን ከውጭ ወደ ኅብረቱ ገበያ የሚያስገባ ነጋዴ እንደ አምራቹ ተቆጥሮ ይጠየቃል። ጃፓንም በፈረንጆች 1994 ባወጣችው ሕግ አስመጪን ከአምራች እኩል አድርጋለች። ምክንያቱ የሚከብድ አይደለም። ተጎጂው አስመጪውን ያገኘዋል፤ አስመጪው ደግሞ ውል፣ የባንክ ሰነድና የንግድ ግንኙነት ስላለው ፋብሪካውን ያገኘዋል። ሸክሙ መውደቅ ያለበት ወደ ላይ ለመመለስ አቅም ባለው ሰው ላይ ነው።

በአንቀጽ 2085 ላይ አንድ ሌላም ሽንቁር አለ። ንዑስ ቁጥር 2 ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ ይችል ከነበረ ኃላፊነት የለም ይላል። ለተቀደደ ጎማ ወይም ለተሰነጠቀ ብርጭቆ ልክ ነው። ለቻርጀር ግን የተለመደው ምርመራ ምንድን ነው? ገዢው ሱቁ ውስጥ ሰክቶ ስልኩ «እየሞላ» መሆኑን ያያል። በውስጡ ያለው የመለያ ሽፋን መሳሳቱን የሚያይ ዓይን ለማንም አልተሰጠም። ዳኞች ይህን ንዑስ ቁጥር ሲተረጉሙ የሳሪስን ገዢ ዓይን እንጂ የመሐንዲስን ዓይን ባይለኩበት ይበጃል።

ሁለተኛው በር የተከፈተው ዘግይቶ ነው። በ2002 ዓ.ም. የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 685 ወጣ፤ በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 813 ተተካ። በዚህ አዋጅ ሸማች ዕቃ በመግዛቱ ወይም በመጠቀሙ ለደረሰበት ጉዳት ካሣ መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄውንም በአቅርቦቱ ውስጥ እጃቸውን ባስገቡት ላይ፣ በአምራቹ፣ በአስመጪው፣ በጅምላ ሻጩ፣ በቸርቻሪው ላይ፣ በአንድነትም ሆነ በተናጠል ያቀርባል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አስመጪ የሚለው ስም ሕግ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

አዋጁ ሌላም ነገር አለው። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ነጋዴው ደረሰኝ የመስጠት፣ ዕቃው ላይ መግለጫ የመለጠፍ ግዴታ አለበት። ለጤናና ለደኅንነት አደገኛ የሆነ፣ ምንጩ ያልታወቀ፣ ከደረጃ በታች የሆነ ዕቃ መሸጥ ክልክል ነው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ማስታወቂያ በየሱቁ እናነባለን፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ግን አዋጅ አይሽርም።

እዚህ ላይ ነገሩ አበቃ የሚል አንባቢ ይኖራል። አላበቃም። አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ ዕቃ የገዛውን ወይም ሌላ ሰው የገዛለትን የተፈጥሮ ሰው ነው፤ ለማምረቻ ወይም መልሶ ለመሸጥ የገዛ አይገባበትም። በመንገድ ሲያልፍ በሌላ ሰው ጀነሬተር ፍንዳታ የተጎዳ እግረኛ ሸማች አይደለም። የአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ አሠሪው ከውጭ ባስመጣው ማሽን ጣቱን ያጣው፣ ሸማች አይደለም። ይህ ክፍለ ከተማ የፋብሪካ ሰፈር መሆኑን ስናስብ ደግሞ የቀረው ሰው ጥቂት አይደለም።

ሠራተኛው ሌላ መንገድ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው መሥራት ካቃተው የአምስት ዓመት ደመወዙን ያህል ካሣ ይከፈለዋል። ችግሩ ይህ ስሌት ደመወዝን እንጂ ጉዳቱን የማይለካ መሆኑ ነው። ደመወዙ ትንሽ የሆነ ሰው እጁም ርካሽ ነው። ማሽኑን የደኅንነት መከላከያ ሳይኖረው ያመጣው አስመጪ ደግሞ በዚህ ስሌት ውስጥ የትም የለም። አሠሪው በሽያጭ ሕጉ መሠረት ሊመለስበት ይችላል፤ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ ነውና። ግን ጉድለቱን ለሻጩ ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ መብቱ ይታገዳል።

አብዛኛው ሰው ልብ የማይለው ሦስተኛው መንገድ የሚገኘው እዚያው ፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው። አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሁሉ ይክሳል ይላል። አንቀጽ 2035 ደግሞ በሕግ በግልጽ የተደነገገን ነገር መጣስ በራሱ ጥፋት ነው ይላል፤ ሕጉን አላውቅም ማለትም አያድንም። እነዚህ ሁለቱ ሲገጣጠሙ አስመጪውን ይይዙታል። ለምሳሌ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የምግብ ዘይት፣ የግንባታ ብረት የመሳሰሉት ከውጭ ሲገቡ አስገዳጅ ደረጃ አላቸው። ለምግብና ለመድኃኒት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ፤ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያልመዘገበው መድኃኒት መግባት አይችልም። አስመጪው ደረጃውን ያልጠበቀ ገመድ ካስገባ፣ ወይም ናሙና ሌላ ጭነት ሌላ ካደረገ፣ ሕግ ጥሷል፤ ስለዚህ አጥፍቷል፤ ስለዚህ ይክሳል። ተጎጂው ሸማች ይሁን አላፊ አግዳሚ፣ ሠራተኛ ይሁን ጎረቤት ለውጥ የለውም። አንቀጽ 2155 ደግሞ ለአንድ ጉዳት ብዙ ኃላፊዎች ሲኖሩ ሁሉም በአንድነት ይጠየቃሉ ይላል።

ይህን መንገድ ጠበቆች ለምን አዘውትረው አይሄዱበትም? አንዱ ምክንያት ልማድ ነው፤ ተጎጂ ቅርቡ ያለውን ቸርቻሪ ይይዛል፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው። ዋናው ምክንያት ግን ስሙ ነው። ማንን እንደሚከስ ማወቅ አለበት።

አምራቹ የሚታወቅና የሚገኝ ሲሆን ምን እንደሚሆን ለማየት ከቃሊቲ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። በቱሉ ዲምቱ በኩል ወጥቶ ወደ ቢሾፍቱ አቅጣጫ የሚሄድ መንገድ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ወደ ወደቀባት ወደ ቱሉ ፋራ መንደር ያደርሳል። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር፤ ከቦሌ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ 157 ሰዎች አለቁ። ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ በፊት ያው ዓይነት አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰዎችን ይዞ ባሕር ገብቶ ነበር። ቤተሰቦች አምራቹን ቺካጎ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱት። ቦይንግ በኅዳር 2014 ለጉዳት ካሣ ኃላፊነቱን ተቀበለ፤ በኅዳር 2018 ደግሞ የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ለአንዲት ሟች ቤተሰብ ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረዱ። የአምራቹ ስም አውሮፕላኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ አድራሻውም ይታወቃል። በቻርጀሩ የተቃጠለችው ሕፃን ቺካጎ የላትም።

አምራቹ ሩቅ ሲሆንስ? ኡዝቤኪስታን ይህንን በመራራ መንገድ አየችው። በ2015 ዓ.ም. ሕንድ ውስጥ የተሠራ የሳል ሽሮፕ ሕፃናትን ገደለ፤ በውስጡ የተገኘው ኤቲሊን ግላይኮል የተባለ መርዛም ኬሚካል ነበር። የታሽከንት ፍርድ ቤት በየካቲት 2016 ለ68 ሕፃናት ሞት 23 ሰዎችን ጥፋተኛ አለ። ረጅሙ ቅጣት፣ 20 ዓመት፣ የተበየነው ሽሮፑን ወደ አገሪቱ ያስገባው የቁራማክስ ሜዲካል ኃላፊ ላይ ነው። ልጃቸውን ላጡ ቤተሰቦችም ካሣ ተወሰነ። ጋምቢያም በተመሳሳይ ሽሮፕ ቢያንስ 70 ሕፃናት ሞተውባት ነበር፤ እዚያም ወላጆች ወደ ፍርድ ቤት ሲሄዱ አምራቹን፣ መንግሥትንና ያስመጣውን ኩባንያ አብረው ከሰሱ። መድኃኒት ላይ ይህ ሁሉ የተቻለው በእያንዳንዱ ጠርሙስ ጀርባ የተመዘገበ አስመጪ ስላለ ነው።

በመኪና ላይ ደግሞ ሁኔታው የተለየ ነው። ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራው ኤርባግ ታሪክ በዓለም ትልቁ የመኪና የጥገና ጥሪ ተብሎ ይጠቀሳል። ኤርባጉን የሚነፋው አሞኒየም ናይትሬት ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይበላሽና፣ በአደጋ ጊዜ ከልክ በላይ ፈንድቶ ብረት ይረጫል። ኩባንያው በሰኔ 2009 ከሠረ። አምራቾች በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ጠርተው ኤርባጉን በነፃ ለወጡ። ከተጠሩት መካከል አዲስ አበባ የምትወዳቸው ኮሮላና ቪትዝ ነበሩበት። ጥሪው ግን የሚደርሰው በወኪል በኩል ነው፤ ወኪሉ የሚያውቀው ደግሞ ራሱ የሸጠውን መኪና ነው። በግለሰብ አስመጪ ከዱባይ ተገዝታ፣ ጅቡቲ ወርዳ፣ ሦስት ጊዜ ባለቤት ለቀየረች ቪትዝ ማን ይደውላል? እርግጥ የአዲስ አበባ አየር ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ አደጋውን ይቀንሰዋል፤ መኪኖቻችን ግን አፋርም ጋምቤላም ይሄዳሉ።

መንግሥት በጥር 2016 ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ይህ ጥያቄ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ተጭኖ እንደገና መጥቷል። ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራው የቮልስዋገን አይዲ 6 ዛሬ በከተማችን መንገድ ላይ ብርቅ አይደለም። ባትሪው ቢበላሽ፣ ሶፍትዌሩ ቢሳሳት፣ ጎማ የያዘው ብሎን ቢላላ፣ ፋብሪካው መኪናዋ እዚህ መኖሯን እንኳ አያውቅም። ብሎኑ ቀልድ አይደለም፤ ቶዮታ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ የኤሌክትሪክ መኪናውን ቢዚ4ኤክስን የጠራው በዚሁ ምክንያት ነበር። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ከአስመጪው በቀር የሚጠየቅ የለም ብንል አልተጋነነም።

አስመጪዎች የሚያነሡት ቅሬታ አለ፤ ሐሰትም አይደለም። ኮንቴይነር ሙሉ ዕቃ ከፍቶ አንድ በአንድ መፈተሽ አይቻልም ይላሉ። የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት ወራት ጠብቀው፣ ለወደብ ኪራይ ከፍለው፣ በመጨረሻ ያልሠሩትን ዕቃ ጥፋት መሸከም ይከብዳል። ፈቃድ ተከራይቶ በሌላ ሰው ስም የሚያስመጣው፣ በኮንትሮባንድ የሚያስገባው ግን ምንም ሳይነካው ይቀራል። እኔ በዚህ ላይ የምፈርደው ለእነርሱ ሳይሆን ለሕፃኗ ነው። አስመጪው ፋብሪካውን መርጧል፣ ዋጋውን ተደራድሯል፣ ጥራቱን ዝቅ አድርጎ ዋጋውን ያወረደው እርሱ ሊሆን ይችላል። ኢንሹራንስ መግባት፣ በውሉ ላይ አምራቹ እንዲክሰው ማስጻፍ፣ ከመጫኑ በፊት ማስፈተሽ ይችላል። ሕፃኗ ከእነዚህ አንዱንም አትችልም። የኮንትሮባንዱን ነገር በተመለከተ ቅሬታው እውነት ነው፤ መልሱ ግን ሕጋዊውን መልቀቅ ሳይሆን ሕገ ወጡን መያዝ ነው።

ካሣው ራሱስ ስንት ነው? ለቁሳዊ ጉዳት ሕጉ ጥሩ ነው። ካሣው ከጉዳቱ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ የሕክምና ወጪ፣ የታጣ ገቢ፣ ወደፊት እንደሚደርስ የታወቀ ጉዳት ሁሉ ይቆጠራል፤ ልኩን ማወቅ ካልተቻለ ዳኛው በርትዕ ይቆርጣል። ለኅሊና ጉዳት ግን አንቀጽ 2116 ጣሪያ አስቀምጧል፤ ከ1,000 ብር አይበልጥም። በ1952 ዓ.ም. ይህ ከባድ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ፊቷ በእሳት ለተለወጠ ልጅ ሥቃይ ተብሎ የሚሰጠው ያው 1,000 ብር ነው። ይህንን ቁጥር ሳይለውጥ ሕግ አውጪው ከስድሳ ዓመት በላይ ያሳለፈው ለምን እንደሆነ ምክንያት ቢፈለግለት አይገኝም።

የሸማቾችን አቤቱታ ይመለከት የነበረው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃሏል። መሥሪያ ቤት መክሰምና መዋሐድ ለመንግሥት ወጪ መቆጠብ ሊሆን ይችላል፤ ለተጎጂ ግን የሚያንኳኳው በር አንድ ጊዜ ተቀየረ ማለት ነው።

ሊሠራ የሚገባው ሥራ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ወጪው ትንሽ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ 2085 ላይ ወይም በተለየ አዋጅ፣ ከውጭ አስገብቶ ለሽያጭ የሚያቀርብ ሰው እንደ አምራች ይቆጠራል የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር መጨመር ነው። ያን ጊዜ የፋብሪካ ሠራተኛውም፣ አላፊ አግዳሚውም፣ ሸማቹም በአንድ በር ይገባሉ። ሁለተኛው ቃሊቲ ላይ ዲክላራሲዮኑ ላይ የተጻፈው ስም ዕቃው ላይም እንዲጻፍ ማስገደድ ነው። ካርቶኑ ላይ ብቻ ሳይሆን ዕቃው ላይ፤ ካርቶን መርካቶ ይቀራልና።

እስከዚያው ጉዳት የደረሰበት ሰው ይህን ይያዝ። የተቃጠለውን፣ የፈነዳውን፣ የተሰበረውን ዕቃ አይጣል፤ አይጠግን፤ ለሻጩም «ልይልህ» ሲል አያስረክብ፤ በመጀመሪያ ፎቶ ያንሣ፣ ፖሊስ ወይም የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት እንዲመዘግብለት ያድርግ። የሐኪም ማስረጃ በዚያው ሳምንት ያውጣ። ደረሰኝ ካለው ይያዝ፤ ከሌለው የገዛበትን ሱቅ፣ ቀኑንና አብሮት የነበረውን ሰው ይጻፍ። ቸርቻሪውን ሲከስ ከማን እንደገዛ እንዲናገር በፍርድ ቤት ያስጠይቀው፤ ከቸርቻሪ ወደ ጅምላ፣ ከጅምላ ወደ አስመጪ የሚወጣው መንገድ በዚህ ይከፈታል። ዕቃውም የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅትን በመሰለ ተቋም እንዲመረመር ዳኛውን ይጠይቅ። ከውል ውጭ ለሚነሣ ክስ የይርጋው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ነው።